ሰባት ቤት ቆጣሪዋ ዝም ስትል

በነሐሴ፣ በእስራኤሏ የበረሃ ከተማ በቤር ሼቫ፣ በርዶት የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አውጥቻለሁ። ጎረቤቶቼ በረንዳቸው ላይ በካናቴራ ተቀምጠው ሐብሐብ ሲበሉ፣ እኔ ሹራብ ለብሼ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ፣ የእግሬን ጣቶች በእጄ አሻሽ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደኔ ድካሙን ከዕድሜው፣ መርሳቱን ከእርጅናው የቆጠረ ሰው ካለ ቶሎ እንዲነቃ ብዬ ነው። ደግሞም ያየሁት ነገር ስለገረመኝ ነው። ዛሬም ድረስ ይገርመኛል።

ይታይሽ እባላለሁ። ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ከባለቤቴ ከታደለ ጋር እኖራለሁ። ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል በእግር ስንመጣ ገና ሙሽራ ነበርኩ፤ አሁን የልጅ ልጅ አለኝ። በሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት፣ እኛ ጋን በምንለው፣ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ሰያዕት ይሉናል። መምህሯ ታስተምራለች፤ እኔ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ጫማ አስራለሁ፣ ሳህን አቀርባለሁ። ልጆቹ ስሜን አስተካክለው መጥራት ባይችሉም ሲያለቅሱ ወዴት እንደሚሮጡ ያውቃሉ።

ከጋኑ ሌላ ደግሞ ደመወዝ የሌለው ሥራ አለኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው። ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ልጅ ስንድር፣ ሁለቱ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ እንዳይሆኑ እንጠነቀቃለን። ሰባት ቤት ሳይሞላ የተገናኙ እንደሆነ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻው ይቀራል። ስለዚህ ቆጣሪ ያስፈልጋል። የእገሌ አባት እገሌ፣ የእሱ እናት እገሊት እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ማለት ነው። አባቴ አየለ በአገራችን የታወቀ ቆጣሪ ነበር። እኔ ሴት ልጁ ስሆን ወንድሞቼ ለጨዋታ ሲሮጡ እግሩ ሥር ተቀምጬ ስሞቹን እንደ ዘፈን ለቀምኳቸው። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ወጣቶቹ ቢስቁብንም፣ ቀለበት ከመደረጉ በፊት እናቶቻቸው የኔን በር ማንኳኳታቸው አልቀረም።

አባቴ አንድ ጠባይ ነበረው። ዘመድ ሆነው ሲያገኛቸው "አይሆንም" ብሎ ሰው ፊት አያሳፍርም። ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት ያወራል። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ገብቷቸው አመስግነው ይሄዳሉ። አየለ ዝም ካለ አለቀ ማለት ነው። ይህን ጠባይ የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሕመሙ ሲጀምር ሕመም አይመስልም ነበር። መጀመሪያ በረደኝ። ታደለ ማዝጋኑን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ያበራል፣ እኔ አጠፋለሁ። "አንች ሴትዮ፣ ልትቀቅይኝ ነው?" ይላል። ቀጥሎ ድካም መጣ። እንቅልፍ ተኝቼ የምነሳው የተኛሁበት ድካም ላይ ነው። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። የቅንድቤ ጫፍ ሳሳ። ሆዴ ደረቀ። ድምፄ ጎረነነ፤ ስልክ ሳነሳ ታደለ መስያቸው ሰላም የሚሉኝ ነበሩ።

ፊቴ ደግሞ አበጠ። ሰዎች ሲያዩኝ ምን አሉ መሰላችሁ? "እሰይ፣ ተመችቶሻል! ወዝሽ ተመለሰ!" በኛ ዘንድ መወፈር ምስጋና ነው፤ እኔም "አሜን" ብዬ አልፋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በሽታዬን ሰው ሁሉ ሲመርቀው ኖረ።

በመጨረሻ መርሳት መጣ። ጋን ውስጥ የልጅ ጫማ በእጄ ይዤ የትኛው ልጅ እግር ላይ እንደማደርገው ይጠፋኛል። ገበያ ሄጄ ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ ላይ ቆሜ፣ ሁልጊዜ የምሳፈርበት አውቶቡስ ፊቴ ቆሞ፣ ሾፌሩ "ጌቬሬት፣ ትወጫለሽ?" እያለኝ እመለከተዋለሁ። ሐሳቤ የተቋረጠ አይመስለኝም፤ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ግን አይመጣም። ሰው ሲያናግረኝ መልሱን አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ እስኪደርስ ሰውየው ሄዷል።

ልጄ ሺራ ራሞት ሰፈር ነው የምትኖረው፤ በመኪናዋ መጥታ ወደ ጤና ክሊኒኩ፣ ኩፓት ሆሊም ወደምንለው፣ ወሰደችኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ ስነግረው ጥያቄው ሁሉ የተመለሰለት መሰለ። "በዚህ ዕድሜ ሴት ይደክማታል" አለ። ሁለተኛይቱ ሐኪም ደግ ነበረች። ስለ ሱዳን ጠየቀችኝ። በመንገድ የሞተብሽ አለ ወይ አለችኝ፤ አለ አልኳት። አለቀስኩ። ማን አያለቅስም? የድባቴ ክኒን አዘዘችልኝ። ክኒኑን ዋጥኩ፤ ብርዱም መርሳቱም እንደነበሩ ናቸው።

ጥፋቱ የሐኪሞቹ ብቻ ነው አልልም። "ማ ሽሎሜኽ?"፣ እንደምን ነሽ፣ ሲሉኝ "ሃኮል በሴደር፣ ባሩክ ሃሼም" እላለሁ። ሁሉ ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን። ለማያውቁት ሰው ገመናን መዘርዘር ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ። ሆዴ መድረቁን፣ ፀጉሬ መርገፉን ለወጣት ወንድ ሐኪም ልነግረው? ሺራም የማልነግረውን አትነግርልኝም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት ለሰው ስነግር የኖርኩት እኔው ነበርኩ።

በመጠበቂያ ክፍሎች ብዙ ተቀመጥኩ። ማዝጋኑ እዚያም አለ፤ እንዲያውም ከቤቴ ይብሳል። አንድ ቀን ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አጠገቤ የተቀመጠች የበደዊን ሴት አየችኝ። አማርኛ አታውቅ፣ ዓረብኛ አላውቅ። የራሷን ወፍራም ሻል አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው፤ ተራዬ ደርሶ ልመልስላት ስል በእጇ "ይሁን" አለችኝ። ሻሉ ዛሬም ቤቴ አለ። ባገኛት እመልስላታለሁ።

ሺራ ደግሞ ስልኳን ስታገላብጥ ቆይታ አንድ ቀን መኪናዋን ዳር ይዛ አቆመች። "ኢማ" አለችኝ፣ እናቴ እንደማለት፤ "ዲመንሲያ ሊሆን ይችላል"፤ አእምሮ እያለቀ የሚሄድበት በሽታ ማለቷ ነው። ዓይኗ ውኃ ሞላ። ፈራሁ። ሞትን ያን ያህል አልፈራም፤ ሱዳን አይቼዋለሁ። የፈራሁት የአባቴ ስሞች እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቅረታቸውን ነው። እኔ ከጠፋሁ እነሱም እንደገና ሊሞቱ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ሠርግ መጣ። የወንድሜ የካሳ ልጅ አቪ ኖአ የምትባል ልጅ ወደደ። ካሳ ነፍሱን ይማረውና ሞቷል፤ አቪን እንደ ልጄ ነው የማየው። ማዝጋን ይጠግናል፤ ቤር ሼቫን በሙሉ የሚያቀዘቅዛት እሱ ነው ብለን እንቀልድበታለን። ኖአም ደስ የምትል ልጅ ናት፤ አያቷ አባባ ወርቁ የአገራችን ሰው ናቸው፣ የሁለታችንንም ዘር ስለማውቅ ቆጠራው በኔ ወደቀ።

አባባ ወርቁ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። ሰላምታው፣ ምርቃቱ አለፈ። "በይ እንግዲህ ልጄ፣ ቁጠሪልን" አሉኝ።

ጀመርኩ። "አቪ የካሳ፣ ካሳ የአየለ፣ አየለ የደስታ፣ ደስታ የ…"

የለም። አያቴን ደስታን አገኘሁት፤ ከሱ ወዲያ ጨለማ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአፌ ያልጠፋ ስም! በዚያ ላይ አፌም ከበደኝ፤ "ጠፋኝ" ለማለት እንኳ ቃሉ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። እኔ ዝም። ታደለ ጭንቅ ሲለው "ዘንድሮ ሙቀቱ ጠና" አለ።

አያችሁ ነገሩን? የአየለ ልጅ ዝም አለች፤ ቀጥሎም ስለ አየር ወሬ ተነሳ። አባባ ወርቁ ቀስ ብለው በምርኩዛቸው ተነሱ። "ተረድተናል ልጄ። እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ልጆቹን ከኃጢአት አዳንሻቸው" አሉ። ወጡ።

በማግስቱ ጉዳዩ ፈረሰ። ቃል ሲመለስልኝ ሺራን አስደውዬ "አባባ፣ ዘመድ ናቸው አላልኩም፤ ስሙ ጠፍቶኝ ነው" አልኳቸው። ሳቁ፤ የሐዘን ሳቅ። "ይታይሽ ይጠፋታል? ልጆቹ እንዳያዝኑ ብለሽ ነው። የአባትሽ ልጅ ነሽ" አሉኝ። ደጋግሜ ማልኩ። በማልኩ ቁጥር ጨዋነቴ እየገረማቸው ሄደ። ይልቁንም "ጠፋኝ ማለቷ ዝምድናው ቅርብ ቢሆን ነው" ተባለ። ቀድሞ በሦስተኛ ቤት ይሆናል ያሉት፣ በሳምንቱ የአንድ አያት ልጆች አደረጓቸው። የአቪ እናት ቤቴ መምጣት አቆመች። እኔ ደግሞ ያው በርዶኛል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይህን ነው።

አቪ መጣ። ከሥራ ነው፣ ልብሱ አቧራ ነው፤ ሳይቀመጥ ፊቴ ቆመ።

"ዶዳ፣ ቀጥ አርገሽ ንገሪኝ" አለ። አክስቴ ማለቱ ነው። "እኔና ኖአ ዘመድ ነን? ኬን ኦ ሎ? አዎ ወይስ አይደለም?"

"ጠፋኝ አቪዬ።"

"ማ ዜ፣ ምን ማለት ነው ጠፋኝ? ሁሉም 'ትዋሻለች' ይላሉ፤ እኛ እንዳናዝን።"

"ስሞቹ ጠፉኝ። ከአያቴ ወዲያ ያለውን አላገኘውም።"

ተንበርክኮ ፊቴን አየው። እጄን ያዘው፤ በረዶ ነው። ከዚያ ጋቢዬን አየ፣ የጠፋውን ማዝጋን አየ፣ ላቡን እየጠረገ የተቀመጠውን ታደለን አየ። "በዚህ ከተማ ስንት ቤት ገብቻለሁ፤ በነሐሴ ማዝጋን አጥፉ ያለኝ ሰው የለም" አለ። "ዶዳ፣ አንች ታመሻል። እውነትሽን ነው፤ ጠፍቶሻል!" ሳቅም ለቅሶም ነበር ድምፁ። ሰው በመታመሜ ሲደሰት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከቤቴ ውጭ "ጠፋኝ" ስል ያመነኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ያመነኝም ኖአን ስለሚወዳት ነው። እኔ ከታመምኩ እነሱ ዘመድ አይደሉም ማለት ነዋ።

በዚያው ሳምንት ኩፓት ሆሊም ወሰደኝ። ሐኪሜ ዕረፍት ወጥታ በቦታዋ ተተኪ ሐኪም ነበረች፤ ጠና ያለች፣ ከሩሲያ የመጣች ሴት። "ማ ሽሎሜኽ?" ስትለኝ "ሃኮል…" ብዬ ስጀምር አቪ አቋረጠኝ። "ምንም በሴደር አይደለም!" አለና ሁሉን ዘረገፈው። ብርዱን፣ ፀጉሩን፣ ድምፁን፣ ሆዴን ሳይቀር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሴትዮዋ አንገቴን በጣቶቿ ዳበሰች። ከዚያ ወንበር ላይ አንበርክካኝ፣ የተረከዜን ጅማት በትንሽ የላስቲክ መዶሻ መታችው። እግሬ ነጠር አለ። ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ቀስ አለ፤ እንቅልፋም ልጅ ከአልጋ እንደሚወርድ። እኔ ራሴ ዘወር ብዬ አየሁት። አቪን አንበርክካ መታችው፤ የሱ እግር ሄደ፣ ተመለሰ፣ አለቀ። የኔን ደግማ መታችው። አሁንም ቀስ… ብሎ ተመለሰ። የገዛ እግሬን እንዲያ ሳየው ፀጉሬ ቆመ። ለካ ዝግ ያለው አሳቤ ብቻ አልነበረም፤ ሰውነቴ በሙሉ ነበር።

ደም ተቀዳ። ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ተቀድቻለሁ፤ ይኼኛውን ምርመራ ግን ያዘዘው ሰው አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ ታይሮይድ ነው ተባለ። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ከማንቁርት በታች ያለች፣ የቢራቢሮ መልክ ያላት እጢ ናት። ሆርሞን የሚባል ቅመም ሠርታ በደም ትልካለች፤ የሰውነት ሙቀቱም ፍጥነቱም በዚያ ነው። የኔን እጢ የገዛ ሰውነቴ ጠባቂዎች ጠላት መስላቸው ሲያጠቋት ኖረው ባዶ አድርገዋታል። አንጎሌ ሥር ያለች አለቃ እጢ ደግሞ "ሥሪ! ሥሪ!" እያለች ስትጮህባት ከርማለች፤ ደሙ ውስጥ የተገኘው ያ ጩኸት ነው።

እንቅርት የሚባለው ነገር ከዚችው እጢ ነው ቢሉኝ አላመንኩም። አገር ቤት አዮዲን የሚባለው ነገር ከጨዋችን ስለሚጎድል የስንቱ ሴት አንገት አብጦ እናይ ነበር። የኔ ግን ስላላበጠ ማንም አልጠረጠረም። ዕድሜዬን ሙሉ የእንቅርቱን ተረት ስተርት፣ የምተርትባት እጢ በኔ አንገት ውስጥ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር።

ወደ ሆስፒታል፣ ወደ እጢ ሐኪም ላኩኝ። ወጣት ነው፣ ራሱ ላይ ኪፓ የሚሉትን ትንሽ ቆብ ያደረገ፣ መሣል የሚወድ። ሺራና አቪ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ዕብራይስጡ ሲያጥረኝ ይሞሉልኛል። "አንገቴ ታሞ አያቶቼ እንዴት ይጠፉኛል?" አልኩት። ወረቀት ሳበና ኮከብ ሣለ።

"አንጎል ውስጥ የሚያስቡት የነርቭ ሴሎች ናቸው ሲባል ሰምተሻል" አለኝ። "ብቻቸውን ግን አይደሉም። በዙሪያቸው ደጋፊ ሴሎች አሉ። አንዳንዶቹ የኮከብ መልክ አላቸው። ታይሮይድሽ የምትልከው ሆርሞን አብዛኛው እንዳለ አይበላም። የኮከቧ ሴል ከደም ትቀበለዋለች፣ ከላዩ ትንሽ ቆርጣ ታሰናዳዋለች፣ ከዚያ ነው ለነርቩ የምትሰጠው።"

"አሳላፊ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሺራ ለመተርጎም ተቸገረች፤ እኔው በሰባራው ዕብራይስጤ ነገርኩት። ሠርግ ላይ እንግዳ ጓዳ ገብቶ ወጥ አይጨልፍም። አሳላፊ አለ፤ ከጓዳ ተቀብሎ፣ በሳህን አድርጎ፣ እንግዳው ፊት ያቀርባል። እንግዳው ዳኛም ቢሆን፣ ምሁርም ቢሆን፣ ጓዳው ባዶ ሆኖ አሳላፊው ባዶ እጁን ከቆመ ጾሙን ያድራል። ሐኪሙ ሳቀ። "በትክክል! የነርቭ ሴሎችሽ አልሞቱም፤ ተርበው ነው ዝም ያሉት" አለ። ሌሎች ደጋፊዎችም አሉ፤ የነርቩን ክር እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸፍኑ አሉ፣ እነሱም ይህንኑ ሆርሞን ይፈልጋሉ፤ ገና ያልታወቀም ብዙ ነገር አለ፣ ሊቃውንቱም እያጠኑት ነው አለኝ።

ዓይኔን ከኮከቡ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰያዕት ነኝ። ወላጆች መምህሯን ነው የሚያመሰግኑት፤ ሳህኑን ማን እንዳቀረበ አያዩም፣ እኔም ቅር ብሎኝ አያውቅም። ጭንቅላቴ ውስጥ እንደኔ ያሉ፣ ስማቸው የማይነሳ፣ ሌሊትና ቀን ተቀብለው የሚያቀርቡ እንዳሉ ግን በምን አውቃለሁ? ፈጣሪ አንጎልን እንኳ ያለ አሳላፊ አልፈጠረውም።

ሐኪሙ ሺራን አየና ሌላ ነገር ጨመረ። ፅንስ መጀመሪያ ላይ የራሱ እጢ ገና አይሠራም፤ የእናቱን ሆርሞን ነው የሚወስደው። የሕፃኑ አንጎል ሲገነባ ከነዚሁ ከደጋፊዎቹ ወገን የሆኑ ሴሎች እንደ መሰላል ይቆማሉ፤ ነርቮቹ በነሱ ላይ ወጥተው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ያንንም ሥራ ሆርሞኑ ያግዛል።

ሺራን ያረገዝኳት ሱዳን፣ ድንኳን ውስጥ ነው። የምበላው አልነበረኝም፤ ለልጄ ምን ሰጠኋት እያልኩ ስቆጭ ነው የኖርኩት። ለካ እኔ ረሃቤን ሳስታምም፣ አንገቴ ላይ ያለች ያቺ ቢራቢሮ የያዘቻትን ታቀብል ነበር። ለካ እዚያ ድንኳን ውስጥ መሰላል ይቆም ነበር! ሺራ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምትመልስልኝ ልጅ፣ "እናቴ" አለችኝ፣ በአማርኛ።

መድኃኒቱ ትንሽ ክኒን ናት፤ እጢዬ መሥራት ያቃታትን ሆርሞን ትተካለች። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ትዋጣለች፤ ምግብም ቡናም ቆየት ብሎ ነው። የድባቴውን ክኒን ሐኪሞቹ ራሳቸው ቀስ በቀስ አስቆሙኝ፤ ማንም በራሱ እንዳያቆም አደራ። "ታገሺ፤ ባንድ ቀን አትድኝም" ተብያለሁ። እውነትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልነበረም። ተስፋ ቆርጬ ጋቢዬ ውስጥ ስቀመጥ ታደለ ማዝጋኑን አጥፍቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። "ሞቆሃል፣ ሂድ" ስለው፣ "ዝም በይ፣ እየተላመድኩ ነው" አለኝ። ይህን ሰው እንደገና አገባው ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት እግሬ ሞቀ። ጣቶቼ ድረስ ደም ሲመጣ ተሰማኝ፤ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን እያየሁ አለቀስኩ። ቀጥሎ ድምፄ ጠራ። ፊቴ ሲሟሽሽ ደግሞ ሰዎች "ምነው ከሳሽ? አሞሻል እንዴ?" ይሉኝ ጀመር። ስድን ነው ያዘኑልኝ!

ስሞቹ ግን ዘገዩ። ስጠራቸው አይመጡም። አንድ ቀን ጋን ውስጥ ተንበርክኬ የአንዷን ሕፃን ጫማ ሳስር፣ ምንም ሳላስብ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከአፌ ወጣ።

"ገላው!"

መምህሯ ደንግጣ "ማነው ገላው? አዲስ ልጅ ነው?" አለችኝ። አሮጌ ልጅ ነው አልኳት፤ የአያቴ የደስታ አባት። ሕፃኗን አቅፌ "ደስታ የገላው! ደስታ የገላው!" እያልኩ ዞርኩ፤ ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው አብረውኝ ጮሁ። የጎንደር ሽማግሌ ስም በቤር ሼቫ ሕፃናት አፍ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ፤ አውቶቡስ ላይ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ሳሰጣ። አልጠፉም ነበር። አሳላፊ ሲጠብቁ ነው የቆዩት።

ሁሉም መሙላታቸውን ሳውቅ አባባ ወርቁን አስጠራሁ። አቪና ኖአም ይምጡ አልኩ፤ የአቪ እናትም መጣችና በር አጠገብ ተቀመጠች።

ቆጠርኩ። "አቪ የካሳ፣ ካሳ የአየለ፣ አየለ የደስታ፣ ደስታ የገላው፣ ገላው የፈንታ፣ ፈንታ የብዙነህ፣ ብዙነህ የይርጋ" ብዬ ወጣሁ፤ በእናቱም በኩል፣ በኖአም በኩል ወጣሁ። የትም አልተገናኙም። አቪ ተነፈሰ። አባባ ወርቁ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይቅር በይኝ ልጄ" አሉ። "መታመምሽን አሁን አምኛለሁ። ግን አንዴ የጠፋ ነገር፣ ሲመለስ ልክ ሆኖ መመለሱን በምን አውቃለሁ? የልጅ ልጄ ናት።"

ጥያቄው አላስቀየመኝም፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። የጨነቀኝ ለኔ ሳይሆን ለነዚህ ልጆች ነው።

"አባባ" አልኳቸው፣ "የእናትዎ እናት አለምነሽ ናቸው። የአለምነሽን እናት ያውቋቸዋል?"

አሰቡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "እናቴ ስታነሳት ልጅ ነበርኩ" አሉ። "ስሟ… ጠፋኝ።"

"እንጉዳይ ይባሉ ነበር። አንድ ዓይናቸው የማያይ፣ ለሸማኔዎች ጥጥ ፈታይ። ከወንዝ ማዶ ነው የተዳሩት። አባቴ እናትዎ ሲያነሷቸው ሰምቶ ነው በቃሉ የያዛቸው።"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ለቀቁት፤ ወለል ላይ ወደቀ። "እንጉዳይ" አሉ። "አንድ ዓይኗ! አዎ፣ አንድ ዓይኗ! እናቴ እንዲህ ትል ነበር።" በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቆይተው ቀና አሉና አቪን በእጃቸው ጠሩት፤ ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁት። የአቪ እናት በሩ አጠገብ እልል አለች፤ መጥታ አንገቴን ሳመችኝ፣ እጢዋ ባለችበት።

አንባቢ ሆይ፣ የሚረሳ ሁሉ የታይሮይድ ሕመምተኛ ነው አላልኩም። ግን ብርዱ፣ ድካሙ፣ መርሳቱ አብረው ከመጡብህ ደምህ ለዚህም እንዲመረመር ጠይቅ። ሐኪም ፊት "ሃኮል በሴደር" አትበል። የምታፍር ከሆነ የማያፍር ሰው ይዘህ ሂድ።

ያን ዕለት ሰው ሲጫወት ኖአ ወለሉ ላይ እግሬ ሥር መጥታ ተቀመጠች፤ እኔ አባቴ እግር ሥር እቀመጥ እንደነበረው። "ዶዳ ይታይሽ፣ ቴላምዲ ኦቲ" አለችኝ፤ አስተምሪኝ ማለቷ ነው። ስሞቹን ነገርኳትና ከሥር ትመልስ ጀመር። ምላሷ ላይ አማርኛው እየተንሸራተተ፣ "አቪ የካሳ፣ ካሳ የአየለ፣ አየለ የደስታ፣ ደስታ የገላው…" አለች። ስሞቹ ከኔ ወጥተው ወደሷ ሲገቡ፣ በዚያች ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ ስንቱ የማይታይ ሠራተኛ አሁን እየተቀበለ፣ አሰናድቶ እያቀረበ ይሆን እያልኩ፣ ተደንቄ ዝም አልኩ።

ወሬው ቆመ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የአቪ ፊት አመድ መሰለ።

"ምነው ይታይሽ?" አሉ አባባ ወርቁ። "ደግሞ ዝም አልሽ?"

"አይዟችሁ፣ እየሰማሁ ነው" አልኩ። "ኖአዬ፣ ቀጥይ፤ ገላው የማን ነው?"

"የፈንታ" አለች።